ዕቃው በሰዓቱ ይደርሳል፤ ሠራተኛውስ?

ሰሞኑን ጠፋሁ አይደል? የፈተና እርማት ይዞኝ ነው። የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ነገሩ የጀመረው ከአንዲት የድሮ ተማሪዬ በደረሰኝ የድምፅ መልእክት ነው። ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ከገባች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል። የምትሠራው በኦንላይን የተሸጠ ዕቃ ተለቅሞ በሚታሸግበት ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ እንጀራዋ ነው። ከዚህ በታች በስም ከማነሳቸው ድርጅቶችም አንዱ አይደለም። እንዲህ ትላለች፦

«ቲቸር፣ የኢንዱስትሪ አብዮትን ያስተማሩን ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ‹ሰው የማሽን ተከታይ ሆነ› ብለው ሰሌዳ ላይ ጽፈውልን ነበር። ያኔ ለፈተና ሸምድጄው አለፍኩ። አሁን ነው የገባኝ። እጄ ላይ ያለው ስካነር በሰዓት ስንት ዕቃ እንዳነሳሁ ይቆጥራል። ሽንት ቤት ስሄድ ሥራ ያቆምኩበትን ደቂቃም ይቆጥራል። ባለፈው ወር ወገቤን አሞኝ ለአለቃዬ ስነግረው ‹አንቺን የቀጠረሽ ኤጀንሲው ነው፣ እዚያ ጠይቂ› አለኝ። ኤጀንሲው ደግሞ ‹የሚያዝሽ መጋዘኑ ነው› አለኝ። እስቲ እርስዎ ታሪክ ያውቃሉና ይንገሩኝ፤ እነዚህን ትልልቅ ሻጮች ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው አለ?»

እውነት ለመናገር የዚያን ቀን «አይዞሽ፣ በርቺ» ከማለት ውጪ መልስ አልነበረኝም። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሳነብ ሰነበትኩ። ያገኘሁት ነገር ገረመኝ፤ ጥያቄዋ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጥያቄ ነው። አጭሩ መልስ «አዎ፣ የጠየቀ አለ» ነው። ረጅሙ መልስ ይኸውላችሁ።

1. በፖስታ የሚመጣው ሱቅ

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ቤት ተቀምጦ ዕቃ ማዘዝ በኢንተርኔት አልተጀመረም።

እ.ኤ.አ. በ1872 (ዓመቶቹን በሙሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ማለትም አጼ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የሚባል ነጋዴ ቺካጎ ከተማ ውስጥ አንዲት ወረቀት አሳተመ። ወረቀቷ ላይ 163 ዕቃዎች ከነዋጋቸው ተዘርዝረዋል። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ገበሬ በአቅራቢያው ያለው ባለሱቅ የጠራውን ዋጋ ከመክፈል ውጪ ምርጫ አልነበረውም። ዋርድ ግን ዕቃውን ከአምራቹ በብዛት ገዝቶ፣ ትእዛዝ በደብዳቤ እየተቀበለ፣ በባቡር መላክ ጀመረ። በ1875 ደግሞ ዕቃውን ያልወደደ ገንዘቡ ይመለስለታል የሚል ዋስትና ጨመረበት።

ቀጥሎ ሪቻርድ ሲርስ የሚባል ሰዓት ሻጭ መጣና ሲርስ ሮባክ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በ1896፣ እኛ አድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት፣ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ደብዳቤን በነፃ እስከ ገበሬው ደጃፍ ማድረስ ጀመረ። በ1913 ከበድ ያለ ጥቅል ዕቃም ማድረስ ጀመረ። በቃ፣ ካታሎጉ በየገጠሩ ገባ። ምጣድ፣ ጫማ፣ ማረሻ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ሁሉም ከመጽሐፉ ይመረጥ ነበር።

ይህ ለገዢው ትልቅ ነገር ነበር፤ አንካድ። በተለይ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሚኖሩ ጥቁር ገበሬዎች ነጭ ባለሱቅ ፊት ቆመው ተንቀውና ወረፋ ተነጥቀው ከመግዛት ተገላገሉ። ካታሎግ የቆዳ ቀለም አይጠይቅም፤ ዋጋውም ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ «እነዚህ ድርጅቶች ከመጀመሪያውም ክፉ ናቸው» ብዬ ልጀምር አልችልም።

ችግሩ በካታሎጉ ላይ የማይታየው ሰው ነው። ገበሬው የመንደሩን ባለሱቅና ሎሌውን በዓይኑ ያያቸው ነበር። ቺካጎ ውስጥ ሸሚዙን የቆረጠውን፣ የሰፋውንና ያሸገውን ግን አያይም። ሲርስ በ1906 ቺካጎ ላይ የከፈተው ግዙፍ መጋዘን ውስጥ ዕቃ በሚንቀሳቀስ ቀበቶና በማንሸራተቻ ይጓጓዛል፤ ትእዛዝ በአየር ግፊት ቱቦ ይላካል። እያንዳንዱ ትእዛዝ የ15 ደቂቃ ቀጠሮ ነበረው። በዚያች 15 ደቂቃ ውስጥ የየክፍሉ ዕቃ ማሸጊያው ጋ ካልደረሰ ያዘገየው ክፍል ይጠየቅበታል። ስካነር የለም እንጂ ሌላው ሁሉ አለ! ተማሪዬ ብትሰማ «ይሄማ የእኔ መጋዘን ነው» የምትል ይመስለኛል።

2. «የእኔ ሠራተኛ አይደለም»

እስቲ አሁን ወደ መጀመሪያው ጠብ እንሂድ።

በ1904 መጨረሻ ላይ በሞንትጎመሪ ዋርድ የሚሠሩ 19 ልብስ ቆራጮች ሥራ አቆሙ። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ! ያስቆጣቸው ምን መሰላችሁ? ድርጅቱ የልብስ ሥራውን የሠራተኛ ማኅበር ለሌላቸው የውጭ ኮንትራክተሮች እየሰጠ ነበር። ኮንትራክተሩ በርካሽ ያሠራል፣ ዋርድ ልብሱን በካታሎጉ ይሸጣል። ሠራተኛው ሲበደል ግን «ኮንትራክተሩን ጠይቁ» ይባላል።

በ1905 ሚያዝያ ቲምስተርስ የሚባለው የጋሪ ነጂዎች ማኅበር ለቆራጮቹ አግዞ «የዋርድን ዕቃ አንጭንም» አለ። የቺካጎ አሠሪዎችም በበኩላቸው ግንባር ፈጠሩ። በአድመኞቹ ቦታ ሌሎች ሰዎች ተቀጠሩ፤ ብዙዎቹ ጥቁሮች ስለነበሩ ጠቡ ወደ ዘር ጥላቻ ዞረ። ከሦስት ወር በላይ ከተማዋ ታመሰች። 21 ሰዎች ሞቱ፤ ከ400 በላይ ቆሰሉ። መጨረሻ ላይ ሠራተኞቹ ተሸነፉ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሁለት ነገር ያዝኩ። አንደኛ፣ «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» የሚለው መልስ ተማሪዬ የሰማችው መልስ ነው፤ 120 ዓመት ኖሯል። ሁለተኛ፣ ሠራተኛ ከሠራተኛ በዘር ከተከፋፈለ ቀጣሪው ምንም ሳይደክም ያሸንፋል። ይህን ለእኛ አገር ሰው ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

3. ገዢውን ያስነሳችው ሴት

በዚያው ቺካጎ ፍሎረንስ ኬሊ የምትባል ሴት ነበረች። የሦስት ልጆች እናት ናት። በ1893 ኢሊኖይ ግዛት የፋብሪካ ሕግ ሲያወጣ ዋና የፋብሪካ ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመች። ደረጃ እየወጣች፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ታጉረው ልብስ የሚሰፉ ሴቶችንና ሕፃናትን ቤት ለቤት ታያለች፣ ትመዘግባለች። ሕጉ ሴቶች በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። በ1895 ግን የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን አንቀጽ ሻረው።

ኬሊ ታዲያ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በ1899 የብሔራዊ ሸማቾች ማኅበር መሪ ሆነች። ሐሳቧ ምን ነበር? ልብሱን የሚገዛው ሰው ካልጠየቀ ሻጩ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ገዢው እንዲጠይቅ ምልክት እንስጠው። ማኅበሩ «ነጭ መለያ» የሚባል ምልክት አዘጋጀ። መለያውን ለማግኘት አምራቹ የፋብሪካ ሕግ ማክበር አለበት፤ ከ16 ዓመት በታች ልጅ ማሠራት የለበትም፤ ትርፍ ሰዓት ማሠራት የለበትም፤ ልብሱም ማኅበሩ ባየው በራሱ ግቢ ውስጥ የተሰፋ መሆን አለበት።

የመጨረሻዋን ነጥብ ልብ በሉልኝ። «በራሱ ግቢ» ማለት «ኮንትራክተሩን ጠይቁ» የሚለውን በር መዝጋት ነው። ብልህ ሴት!

ይሁን እንጂ መለያው ብቻውን አልበቃም። በ1911 መጋቢት 25 ኒውዮርክ ውስጥ ትራያንግል የሚባለው የሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለ። በር ተቆልፎባቸው ስለነበር 146 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ናቸው። ከመስኮት ሲወድቁ መንገድ ላይ ቆመው ካዩት ሰዎች አንዷ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ትባላለች። ያኔ የኒውዮርክ ሸማቾች ማኅበር ሠራተኛ ነበረች። በ1933 የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች። በ1938 ዝቅተኛ ደሞዝን፣ የሥራ ሰዓት ገደብንና የሕፃናት ጉልበት ክልከላን ለመላው አገሪቱ ያጸናው ሕግ ወጣ። ኬሊ ይህን ሳታይ በ1932 አርፋለች። ከ1893 እስከ 1938 ብንቆጥር 45 ዓመት ነው። ተጠያቂነት ቶሎ የሚደርስ ዕቃ አይደለም ወዳጆቼ።

4. ወታደሮች ተሸክመው ያስወጡት ሊቀመንበር

አሁን የምነግራችሁ በጣም የምወደው ታሪክ ነው። ክፍል ውስጥ ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይስቃሉ።

1944 ነው። እኛ ጣልያንን ካስወጣን ሦስት ዓመት ሆኖናል፤ አሜሪካ ግን ገና ጦርነት ላይ ናት። የሞንትጎመሪ ዋርድ ሊቀመንበር ሱዌል ኤቨሪ የሚባል ዕድሜው ወደ 70 ዓመት ገደማ የሆነ ሽማግሌ ነው። የመጋዘንና የካታሎግ ሠራተኞቹ ማኅበር አላቸው። የጦርነት ጊዜ የሥራ ክርክር ቦርድ «የነበረውን ውል አራዝም» ብሎ አዘዘው። ኤቨሪ እምቢ አለ፤ «ማኅበሩ አሁን ብዙኃኑን አይወክልም» የሚል ነበር ክርክሩ። በሚያዝያ ሠራተኞቹ አድማ መቱ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ድርጅቱን እንዲረከብ አዘዘ።

ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ፍራንሲስ ቢድል ራሱ ቺካጎ ድረስ ሄደ። ኤቨሪ ከቢሮው አልወጣም አለ። ሚያዝያ 27 ሁለት ወታደሮች አንሥተው ተሸክመው አስወጡት። እሱም እየተሸከሙት ቢድልን በንዴት «ኒው ዲለር!» ብሎ ሰደበው፤ የሩዝቬልትን የኒው ዲል ፖሊሲ ደጋፊ ማለት ነው፣ ለእሱ ከዚያ የባሰ ስድብ አልነበረም። ሽማግሌው እጁን አጣምሮ፣ ሁለት ወታደር ተሸክሞት የሚያሳየው ፎቶ በመላው አሜሪካ ጋዜጦች ላይ ወጣ።

በግንቦት ምርጫ ተካሄደ፤ ማኅበሩ አሸነፈ። ኤቨሪ ግን በጄ አላለም። በታኅሣሥ መንግሥት እንደገና የድርጅቱን ቅርንጫፎች ያዘ። ከዚያስ? በ1945 ጦርነቱ አለቀ፤ መንግሥት ድርጅቱን ለባለቤቶቹ መልሶ ሄደ። ኤቨሪም ወንበሩ ላይ ቆየ።

ብዙ ሰው ይህን ፎቶ አይቶ «እሰይ!» ይላል። እኔም ብያለሁ። ግን ትምህርቱ ሌላ ነው። መንግሥት የገባው ለመጋዘኗ ሠራተኛ ወገብ አዝኖ ሳይሆን የጦርነቱ ምርት እንዳይታወክ ፈርቶ ነው። ምክንያቱ ሲያልቅ ክንዱም ተሰበሰበ። በአንድ ባለሥልጣን ትእዛዝ የመጣ ተጠያቂነት ከባለሥልጣኑ ጉዳይ ጋር ይሄዳል።

5. ካታሎጉ ሞተ፣ ስልኩ ተወለደ

ሲርስ ያንን ትልቁን ካታሎግ ማሳተም ያቆመው በ1993 ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1994፣ ጄፍ ቤዞስ አማዞንን አቋቋመ። ቦታውን የተቀባበሉ ይመስላሉ! ዛሬ አማዞን በዓለም ዙሪያ ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሠራተኛ አለው።

ስለ አማዞን የሚወራው ብዙ ነው። እኔ ግን ለእኛ የሚቀርበንን ልምረጥ። ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ፣ ሻኮፒ በምትባል ከተማ ባለው የአማዞን መጋዘን፣ ብዙዎቹ ሠራተኞች የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች፣ በተለይ ሶማሌዎች ነበሩ። በሰዓት የሚጠበቅባቸው የዕቃ ቁጥር አለ። ጸሎት ላይ የዋለ ደቂቃ ከቁጥሩ ያጎድላል። በረመዳን ጾም፣ በሙቀት፣ ያ ቁጥር አይቀንስም። በ2017 «አዉድ» የሚባል ማዕከል አቋቋሙ፤ በሶማሊኛ «ኃይል» ማለት ነው። በ2018 የድርጅቱን ኃላፊዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው። የዜና ሰዎች የተደራጁ የአሜሪካ ሠራተኞች አማዞንን ለድርድር ሲያስቀምጡ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም ብለው ጻፉ። በ2019 ሐምሌ 15፣ ድርጅቱ ትልቁን ቅናሽ በሚያደርግበት ቀን፣ ሥራ አቁመው ወጡ።

እንግዲህ አስቡት። እንግሊዝኛው ገና ያልተስተካከለ፣ ቤተሰብ የሚረዳ፣ «ብባረርስ?» ብሎ የሚሰጋ ስደተኛ ነው ይህን ያደረገው።

ውጤቱስ? በ2023 ሚኒሶታ የመጋዘን ሠራተኞችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። ሕጉ ቀጣሪው ኮታውን ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። የምግብ፣ የዕረፍት፣ የጸሎትና የሽንት ቤት ጊዜን የሚያሳጣ ኮታ መጣል ይከለክላል። ካሊፎርኒያ ተመሳሳይ ሕግ በ2021፣ ኒውዮርክ ደግሞ በ2022 አውጥተዋል። ስካነሩ አልጠፋም፤ የሚቆጥረው ቁጥር ግን ከአለቃው ሆድ ወጥቶ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ኒውዮርክ ስታተን አይላንድ ላይ ደግሞ በ2022 የአማዞን መጋዘን ሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጡ፤ 2,654 ለ2,131። ድርጅቱ ውጤቱን አልቀበልም ብሎ ተከራከረ። በ2024 የማኅበሩ አባላት ከአንድ ትልቅ ማኅበር ጋር ለመጣመር ወሰኑ። ከማን ጋር መሰላችሁ? ከቲምስተርስ! በ1905 ለ19ኙ ቆራጮች ብለው የዋርድን ዕቃ አንጭንም ካሉት የጋሪ ነጂዎች ማኅበር ጋር። ታሪክ ሲያስቅ።

ሚዛናዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። አማዞን በ2018 በአሜሪካ ላሉ ሠራተኞቹ የሰዓት ክፍያ መነሻውን 15 ዶላር አድርጓል፤ በወቅቱ ከብዙዎች የተሻለ ነበር። ያደረገው ግን ሴናተር በርኒ ሳንደርስና ሌሎች ወራት ሙሉ ከወተወቱት በኋላ ነው። የጠየቀ ባይኖር የመለሰ አይኖርም ነበር።

6. ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ሌላ ሰው

እስካሁን የተናገርኩት ስለሚያሽገው ሰው ነው። የሚሰፋውስ?

በ2013 ሚያዝያ 24 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የሚባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደረመሰ። 1,134 ሰዎች ሞቱ። ግድግዳው መሰንጠቁ የታወቀው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። እዚያው ሕንፃ ላይ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤት ላከ። የልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግሥቱ ግቡ ተባሉ።

ከዚህ በኋላ አንድ አዲስ ነገር ተፈጠረ። ከ200 በላይ የልብስ ድርጅቶች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ሕጋዊ አስገዳጅነት ያለው ስምምነት ፈረሙ። ፋብሪካው በገለልተኛ መሐንዲስ ይመረመራል፣ ጥገናው እንዲሠራ ገዢው ድርጅት ኃላፊነት አለበት፣ ያልፈጸመ ይከሰሳል። ሲርስና ዋርድ ሲሸሹት የኖሩት ነገር ይህ ነው፤ ሩቅ ላለው ሰፊ ከላይ ያለው ሻጭ ስሙን ፈረመ።

ሁሉም አልፈረመም። በ2019 ዋል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ እንደዘገበው፣ የስምምነቱ አባላት «አደገኛ ናቸው» ብለው ከተዋቸው ፋብሪካዎች የወጡ ልብሶች አማዞን ላይ ሲሸጡ ተገኝተዋል። አማዞን ፈራሚ አልነበረም። ብዙ ዕቃ ደግሞ አማዞን ላይ የሚሸጡት ሌሎች ነጋዴዎች ናቸው፤ ድርጅቱ «ገበያው የእኔ ነው፣ ዕቃው የእነሱ ነው» የማለት ዕድል አለው። የመርካቶ ቦታ አከራይ «ውስጥ የሚሸጠውን አላውቅም» እንደሚለው ማለት ነው። ኪራዩን ግን ይቀበላል።

7. ዓረብ አገርና ሐዋሳ

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ ነው» የሚል ካለ እስቲ ይህን ያንብብ።

በ2023 ጥቅምት አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሳዑዲ ዓረቢያ የአማዞን መጋዘኖች ስለሠሩ ኔፓላውያን ሪፖርት አወጣ። ሰዎቹ ሥራውን ለማግኘት አገራቸው ላይ ለደላላና ለኤጀንሲ ብዙ ገንዘብ ከፍለዋል። አብዛኞቹ በቀጥታ ለአማዞን የሚሠሩ መስሏቸው ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ቀጣሪያቸው ኮንትራክተር ሆኖ ተገኘ። በተበላሸ መኖሪያ ታጉረዋል፣ ደሞዛቸው ተቆርጧል። ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ፣ በ2024 የካቲት፣ አማዞን ከ700 ለሚበልጡ ሠራተኞች 1.9 ሚሊዮን ዶላር መመለሱን አስታወቀ።

ይህን ዜና ሳነብ ትንሽ ዝም አልኩ። ከክፍሌ ወጥተው በደላላ በኩል ዓረብ አገር የሄዱ ልጆችን አውቃለሁ። ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ ወለድ ተበድሮ ከፍሎላቸዋል። ያ ገንዘብ ይመለሳል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አላውቅም። ግን ይኸው፣ ተመልሷል! ኔፓላውያኑ ተናገሩ፣ የሰማቸው መዘገበው፣ ድርጅቱ ስሙ ተነሣ፣ ገንዘቡ ተመለሰ። «የኮንትራክተሩ ጉዳይ ነው» የሚለው ግድግዳ አይደፈርም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ሐዋሳ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተመረቀ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች እዚያ ገባ። ዛሬ አንድ ሰው ቦስተን ተቀምጦ በስልኩ ከሚያዘው ሸሚዝ ዓይነት ሐዋሳ ላይ ተሰፍቷል ማለት ነው። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ከዓለም ልብስ አምራቾች ዝቅተኛው መሆኑን ጻፉ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አልነበረም። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (ቁጥር 1156/2011) ወለሉን የሚያጠና የደሞዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2021 ኅዳር ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከ2022 ጥር 1 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። ገዢው ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። የቀረችው ከወላይታና ከሲዳማ ገጠር መጥታ በጋራ ቤት ተከራይታ የነበረችው ልጅ ናት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። «ተጠያቂነት» ሲባል ብዙዎቻችን ድርጅቱን ማባረር ይመስለናል። ለቅቆ መሄድ ግን ሌላው የማምለጫ በር ነው። 26 ዶላር ሲከፍል የጠየቀው የለም፤ ሲወጣም «ለእነዚህ ልጆች ምን ትተህ ትሄዳለህ?» ያለው የለም። የተፈረመ ነገር ስላልነበረ።

8. ለተማሪዬ

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ጥያቄሽ «ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው አለ?» ነበር። አለ። ቆራጮች፣ ጋሪ ነጂዎች፣ ፍሎረንስ ኬሊ፣ የሻኮፒ ስደተኞች፣ ሳዑዲ ያሉ ኔፓላውያን ጠይቀዋል። አንዳንዶቹ ተሸንፈዋል። ያሸነፉትን ስመለከት ግን አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አያለሁ፤ «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» የሚለውን መልስ አልተቀበሉም፤ ከላይ ያለው ትልቁ ስም በጽሑፍ እንዲታሰር አደረጉ። ድርጅት በራሱ ጊዜ ኅሊናው ወቅሶት ተጠያቂ የሆነበትን ታሪክ ፈልጌ አላገኘሁም። ሠራተኛው ተባብሮ፣ ገዢው ጠይቆ፣ ሕጉ ጥርስ አውጥቶ ሲገናኙ ነው የሆነው። አንዱ ሲጎድል ሌላው ብዙ አይሄድም፤ የኬሊ መለያም፣ የሩዝቬልት ወታደሮችም ያሳዩን ይህንኑ ነው።

ስለዚህ «አይዞሽ» ያልኩሽን አነሳለሁ፤ በምትኩ ይህን ልበልሽ። የወገብሽን ሕመም ቀን ጠቅሰሽ ጻፊ። ለአለቃሽ በቃል የነገርሽውን በጽሑፍ ድገሚው። «ኮታው ስንት ነው?» ብለሽ በወረቀት ጠይቂ። ያለሽበት ግዛት ሕግ ምን እንደሚል እይ። ከጎንሽ ያለችውን ሠራተኛ፣ ከየትም አገር ትምጣ፣ ስሟን ጠይቂያት። የ1905ን ስህተት አትድገሙት።

ውጭ አገር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በስልካችሁ የምታዙ፣ «አትግዙ» አልላችሁም። እኔም ብችል አዝዝ ነበር። ግን ከምትገዙበት ድርጅት ዕቃው የት እንደተሰፋ፣ ማን እንዳሸገው ጠይቁ። ድምፅ መስጠት የምትችሉበት አገር ካላችሁ፣ የመጋዘንና የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ ሲመጣ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ወደ ዓረብ አገር ልጅ የምትልኩ ወገኖቼ ደግሞ የከፈላችሁትን፣ ለማን እንደከፈላችሁ፣ መቼ እንደከፈላችሁ ጽፋችሁ ያዙ። አንድ ቀን ያስፈልጋችሁ ይሆናል።

የዘንድሮ ተማሪዎቼም እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰኞ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ «ሰው የማሽን ተከታይ ሆነ» የሚለውን እንደገና እጽፈዋለሁ። ዘንድሮ ግን ከሥሩ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ «ማን ጠየቀ?»። ተዘጋጅታችሁ ኑ።

በመጋዘን፣ በልብስ ፋብሪካ ወይም በዕቃ ማድረስ ሥራ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ ገጠመኛችሁን ከታች ጻፉልኝ። የድርጅት ስም መጥራት አያስፈልግም። አነባለሁ፣ እመልሳለሁም።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።